«ዛሬ ሌሊት ስልካችሁን አጥፉ»፦ ከሰማይ የመጣ ዜና እንዴት ይጣራል?



ቴሌግራምና ፌስቡክ የሚጠቀም ሰው ይህን መልእክት በአንድ መልኩ ሳያየው አይቀርም፦ ዛሬ ሌሊት ከህዋ የሚመጣ አደገኛ ጨረር በምድር አጠገብ ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ፣ ከሰውነታችሁም አርቁ፣ ናሳም ቢቢሲም ተናግረዋል፣ ለወዳጅ ዘመድ አስተላልፉ። መልእክቱ በተለያዩ ቋንቋዎች ለብዙ ዓመታት ሲዞር የኖረ ነው። ይጠፋል፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ይነግረናል። «ዛሬ» የተባለችው ቀን የትኛዋ እንደሆነች ግን አይጽፍም።

ደብረ ማርቆስ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎች ይህንኑ ስልካቸው ላይ እያሳዩ «ቲቸር፣ እውነት ነው?» ይሉኝ ነበር። «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን ልጁ ነገ ሌላ መልእክት ሲደርሰው እንደገና የሚጠይቀው ሰው ፍለጋ ይሄዳል። የሚበጀው ማጣራትን ራሱን መማሩ ነው። ለዚህ ደግሞ እውነተኛ ታሪክ አለ። ከሰማይ የመጣ አስደንጋጭ ዜና በአንድ ሌሊት ዓለምን አዳርሶ፣ በማግሥቱ በራሳቸው በተናጋሪዎቹ የታረመበት ታሪክ ነው። የሆነውም በእኛ አቆጣጠር ለግንቦት 20 ቀን 2006 ዓ.ም. አጥቢያ ነው።

የጋማ ጨረር ፍንዳታ ምንድን ነው?

በዓይናችን የምናየው ብርሃን ከብዙ ወንድሞቹ አንዱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ፣ ከምድጃ የሚወጣው ሙቀት፣ የቀስተ ደመና ቀለማት፣ ሆስፒታል ውስጥ አጥንታችንን የሚያሳየው ኤክስሬይ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የሚለያዩት በሚሸከሙት ኃይል ነው። ጋማ ጨረር ከሁሉም ብርቱው ነው።

የጋማ ጨረር ፍንዳታ የሚባለው ከሩቅ ጋላክሲ ተነስቶ ለጥቂት ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ደምቆ የሚጠፋ ብልጭታ ነው። ከ2 ሰከንድ በላይ የሚቆየው በአብዛኛው የሚመጣው ከፀሐይ እጅግ የሚገዝፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ወደ ውስጡ ሲደረመስ ነው። ከ2 ሰከንድ የሚያንሰው ደግሞ በአብዛኛው ኒውትሮን ኮከብ የሚባሉ ሁለት የሞቱ ኮከቦች ተጋጭተው ሲዋሃዱ ነው። ይህን ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 የሰው ልጅ በግልጽ ለማየት በቅቷል። በመጀመሪያ የግጭቱ የስበት ሞገድ ደረሰ፣ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ጋማ ጨረሩ ተከተለ። ቦታው ወደ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። አንድ ረጅም ፍንዳታ በሰከንዶች ውስጥ የሚለቀው ኃይል ፀሐያችን በ10 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋ ሁሉ ከምትለቀው ጋር ይነጻጸራል። ሱብሐነላህ!

ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል ለምን አያቃጥለንም? አንደኛው ምክንያት ርቀቱ ነው። ሁለተኛው ከራሳችን በላይ ያለው አየር ነው። ከባቢ አየር ክብደቱ ሲሰላ 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር ይስተካከላል። እኛ ደብረ ማርቆሶች ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለምንኖር ድርሻችን ትንሽ ይሳሳል፤ ቢሆንም ከ7 ሜትር በላይ ውኃ እንደ መከለል ነው። ከህዋ የሚመጣ ጋማ ጨረር ይህን አልፎ መሬት አይደርስም። ስለዚህም ነው ጋማ ጨረርን ለማየት መሣሪያውን ከአየር በላይ በሳተላይት መስቀል ግድ የሆነው። ስልክ ማጥፋትና አለማጥፋት በዚህ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም።

ስድስት ዓመት የጠበቀ ዜና

የመጀመሪያው የጋማ ፍንዳታ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኃያላን መንግሥታት በከባቢ አየርና በህዋ የኒውክሌር ቦምብ ላለመሞከር ተስማሙ። አሜሪካ ውሉ መከበሩን የሚጠብቁ ቬላ የተባሉ ሳተላይቶች ወደ ህዋ ላከች። ቦምብ ቢፈነዳ ጋማ ጨረሩ ያሳብቃልና። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1967 ሳተላይቶቹ ብልጭታ መዘገቡ። ጠባዩ ግን የቦምብ አይመስልም ነበር።

ዘመኑ ሁለት ኃያላን በጥርጣሬ ዓይን የሚተያዩበት ነበር። «ውሉ ተጣሰ» የሚል ወሬ በዚያ ጊዜ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አይከብድም። ሳይንቲስቶቹ መረጃውን አስቀመጡት። የተሻሉ ሳተላይቶች እስኪላኩ ጠበቁ። ብልጭታው ወደ ተለያዩ ሳተላይቶች የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት ለክተው ከምድርም ከፀሐይም እንዳልመጣ አረጋገጡ። 16 ተመሳሳይ ፍንዳታዎችን ሰብስበው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከመጀመሪያው ብልጭታ ስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ስዊፍት የሚባለው ተመልካች

ዛሬ ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ስዊፍት የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ ነው። ናሳ ከብሪታንያና ከጣሊያን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2004 አመጠቀው። ሦስት መሣሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው ሰፊ የሰማይ ክፍል እያየ ጋማ ጨረርን ይጠብቃል። ሁለተኛው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው። ሦስተኛው የሚታየውንና ከሐምራዊ በላይ ያለውን ብርሃን ይመለከታል።

ጋማ ጨረር በመስታወት ተሰብስቦ ምስል አይሰጥም፤ ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ የሚሠራው በጥላ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የእርሳስ ቁርጥራጮች ከላዩ እንደ ወንፊት ተደርድረውበታል። ከሥር 32,768 መቀበያዎች አሉ። ጨረር ሲመጣ እርሳሱ በመቀበያዎቹ ላይ ጥላ ያጠላል። ፀሐይ ላይ ወንፊት ብንይዝ የጥላው አወዳደቅ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች እንደሚነግረን፣ እዚህም ኮምፒውተሩ ከጥላው ተነስቶ የጨረሩን አቅጣጫ ያሰላል። ከዚያ ቴሌስኮፑ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ወደዚያ ያዞራል። ብዙ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሌሎቹ ሁለቱ መሣሪያዎች ቦታውን ማየት ይጀምራሉ።

ዜናው ወደ ምድር የሚወርደው በሁለት መንገድ ነው። መጀመሪያ አጭር ማጠቃለያ በሌሎች ሳተላይቶች በኩል ወዲያው ይላካል። ሙሉው መረጃ ግን ዘግይቶ ይከተላል፤ ስዊፍት በምድር ጣቢያው ላይ ሲያልፍ ያራግፈዋል። ይህ ጣቢያ ሩቅ አይደለም፤ የጥንቷ የሙስሊሞች ወደብ ማሊንዲ አጠገብ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው። የፈጠነው ዜና አጭር፣ የሞላው ዜና ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ለግንቦት 20 አጥቢያ

በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነበር። ረጀብ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፣ ሰማዩ ጨረቃ የለውም። ስዊፍት ከአንድሮሜዳ ጋላክሲ አቅጣጫ የጋማ ጨረር ምልክት አየሁ ብሎ ማስጠንቀቂያ ላከ። የኤክስሬይ ቴሌስኮፑም ወደዚያ ዞረና ደማቅ ነገር አገኘ። የመጀመሪያው ልኬት በሰከንድ ወደ 1 የሚጠጋ የኤክስሬይ ቅንጣት ይቆጥራል ይል ነበር።

አንድሮሜዳ የእኛ ሚልኪ ዌይ ትልቅ ጎረቤት ናት። ርቀቷ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ ይመስላል። ለጋማ ፍንዳታ ግን ደጃፍ ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ርቀቱ ከታወቀ ፍንዳታ ሁሉ ቅርቡ ከ100 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ይርቅ ነበር። ዜናው እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በዕድሜው አንዴ የሚያገኘው ዕድል ነበር። ዜናውም በትዊተር እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ቴሌስኮፖች ወደ አንድሮሜዳ ዞሩ። ጋዜጠኞች መጻፍ ጀመሩ። ፍንዳታው ለምድር ያሰጋል ወይ የሚል ጥያቄም አብሮ ተነሳ፤ በዚያ ርቀት ግን እውነት ቢሆን እንኳ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም።

በዚያው ሌሊት ስዊፍትን የሚያስተዳድረው የናሳ ማዕከል በማዕበል ምክንያት መብራት ጠፍቶበት ነበር። የመረጃው አያያዝ ተጓተተ። ዓለም እያወራ ያለው በዚያች አጭር ማጠቃለያ ብቻ ነበር።

በእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲው ፊል ኢቫንስና ባልደረቦቹ ሙሉው መረጃ ሲደርሳቸው ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ቆጠሩ። ያገኙት በሰከንድ 0.065 ነው። መጀመሪያ ከተባለው ወደ 15 ጊዜ ያነሰ። ብርሃኑም አዲስ አልነበረም። በቀድሞ መዝገባቸው ላይ ቁጥር ተሰጥቶት የተጻፈ፣ ሁልጊዜ እዚያው ያለ፣ ያልጨመረ ያልቀነሰ የአንድሮሜዳ የኤክስሬይ ምንጭ ሆኖ ተገኘ። ፍንዳታ አልነበረም። ይህንንም ዜናው በወጣበት በዚያው የመልእክት መረብ በግልጽ ጻፉ። ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ እስከ እርማቱ አንድ ቀን አልሞላም።

ስህተቱ ከየት መጣ?

የዋሸ ሰው አልነበረም። መሣሪያውም አልተበላሸም። ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ።

አንደኛ፣ የጋማ ምልክቱ ደካማ ነበር። በሌላ አቅጣጫ ቢሆን ለማስጠንቀቂያ አይበቃም። ነገር ግን በቅርብ ጋላክሲ ውስጥ የሚሆን ፍንዳታ እንዳያመልጥ ሲባል፣ በእነሱ አቅጣጫ ስዊፍት በትንሽ ምልክትም እንዲነቃ ተደርጎ ተሠርቷል። በትንሹ የሚነቃ ጠባቂ ሌባ አያመልጠውም፤ ለነፋስ የሚነሳበት ቀንም ግን ይበዛል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው የኤክስሬይ ቁጥር የተወሰደው ካልተጣራ መረጃ ነው። በካሜራው ውስጥ የገባው ሁሉ በአንድ ላይ ተቆጥሯል፤ የአንድሮሜዳ ሌሎች የኤክስሬይ ምንጮችም፣ ራሳቸው የካሜራው ነጥቦች የሚፈጥሩት የውሸት ምልክትም አልተለየም። በገበያ ቀን ከኮረብታ ላይ ሆኖ የገበያውን ጫጫታ ሰምቶ «አንድ ሰው ይህን ያህል ጮኸ» እንደ ማለት ነው። ጫጫታው እውነት ነው። የአንድ ሰው መሆኑ ግን እውነት አይደለም።

እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው ቢመጡ ማንንም ባላደናገሩ። አብረው ሲመጡ ግን እንደ ሁለት ምስክር ታዩ። ጋማው ኤክስሬዩን፣ ኤክስሬዩ ጋማውን የመሰከረለት መሰለ። እኛም ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወሬ ከሁለት ግሩፕ ሲመጣልን «ሁለት ሰው ተናገረው» እንላለን፤ ሁለቱም ከአንድ ቦታ መቅዳታቸውን አንጠይቅም።

ማጣራት ሁለቱንም ወገን ያገለግላል

ከዚህ ታሪክ «እንግዲያው ዜናውን ሁሉ መጠርጠር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ስህተት ነው። መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2022) የሆነው ተቃራኒው ነው።

ያን ዕለት እሑድ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ገደማ፣ ፌርሚ የተባለው ሌላው የናሳ ቴሌስኮፕ የጋማ ፍንዳታ መዘገበ። ስዊፍት ወደ ቦታው ያየው አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ብርሃኑ እጅግ ደማቅ ነበር። አቅጣጫውም በራሳችን ጋላክሲ ዝርግ አጠገብ ስለነበር ሳይንቲስቶቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት እዚሁ ጋላክሲያችን ውስጥ ያለ ምንጭ ነው ብለው ነው። ለዚያም የሚሆን ስም ሰጡት። በኋላ የፌርሚን መረጃ ከስዊፍት ጋር ሲያጋጥሙ ነገሩ ተገለበጠ። ወደ 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ የሆነ፣ እስከ ዛሬ ከታዩት ሁሉ የደመቀ የጋማ ፍንዳታ ነበር። እንዲህ ያለው በ10,000 ዓመት አንዴ የሚገጥም እንደሆነ ገምተዋል። ከዚያ ሁሉ ርቀት ተነስቶ የምድርን የላይኛ ከባቢ አየር በመሣሪያ በሚለካ መጠን ነካክቷል። የጎዳው ሰው ግን የለም። ያን ዕለት ስልኩን ያጠፋም ያላጠፋም እኩል አድሮ ተነስቷል።

በ2006 ትልቅ የመሰለው ትንሽ ሆነ። በ2015 ትንሽ የመሰለው ትልቅ ሆነ። ሁለቱንም የለየው ያው መንገድ ነው። ሙሉ መረጃ መጠበቅ፣ ከሌላ ተመልካች ጋር ማነጻጸር፣ የድሮውን መዝገብ ማየት፣ ስህተት ሲገኝ በተናገሩበት አደባባይ ማረም።

ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ ነው?

እዚህ ላይ ሸሪዓ የተማረ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሳይንቲስቶቹ በዚያ የመልእክት መረብ የሚለዋወጡት ጽሑፍ ከላዩ የተናጋሪዎቹን ስም ይይዛል። በየትኛው መሣሪያ እንዳዩ፣ በየትኛው ሰከንድ፣ በየትኛው የሰማይ ቦታ እንደሆነ ይጽፋል። ልኬቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም አብሮ ይነገራል፤ 0.065 ሲባል «በ0.012 ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል» ተብሎ ነው። ይህ ሰነድ ነው። የሐዲስ ዑለማዎች ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? ተገናኝተው ነበር ወይ? ማስታወሱስ እንዴት ነው?» እያሉ የጠየቁት ያንኑ ነው።

ከዚህም የጠለቀ አለ። ከሐዲስ ትምህርቶች አንዱ ዒለል ይባላል፤ የስውር ጉድለቶች ጥናት ነው። ሰነዱ ላዩን ሲያዩት ደህና፣ ሰዎቹ ታማኝ ሆነው ሳለ ውስጡ ግን ስህተት ያለበትን ዘገባ ይፈትሻል። የሚገኘውም የዘገባውን መንገዶች ሁሉ ሰብስቦ በማስተያየት ነው። ታማኝ ሰውም ይሳሳታል፤ መሳሳቱን ማሳየት እሱን ውሸታም ማለት አይደለም። ስዊፍት ያን ሌሊት የተሳሳተው ልክ እንደዚህ ነው። ታማኝ ተመልካች፣ በአንድ ዘገባው ላይ ስውር ጉድለት።

በዚህ ትምህርት ከታወቁት ታላላቅ ዑለማ አንዱ የባግዳዱ ኢማም አድ-ዳረቁጥኒ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ995 አርፈዋል። በእሳቸው ዘመን በፋርስ ምድር አብዱረሕማን አስ-ሱፊ የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። የጥንቱ በጥሊሞስ የመዘገባቸውን ከዋክብት አንድ በአንድ በራሳቸው ዓይን እያዩ፣ የድምቀታቸውን መጠን እያረሙ፣ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ የቋሚ ከዋክብትን መጽሐፍ ጻፉ። አንዱ ሊቅ የሰውን ዘገባ፣ ሌላው የሰማይን ዘገባ ይፈትሹ ነበር። አስ-ሱፊ በዚያ መጽሐፍ ከመዘገቧቸው ነገሮች አንዷ ትንሽ ደመና የምትመስል ብርሃን ናት። እስካሁን ከተገኙት ጽሑፎች እሷን ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው የእሳቸው ነው። ያቺ ደመና ዛሬ አንድሮሜዳ ጋላክሲ የምንላት ናት። ያን ሌሊት ወሬው የተነሳባት እሷው ናት።

ከሰማይ ዜና ጋር የተያያዘ አደብ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች ግርዶሹን ከሞቱ ጋር አያያዙት። ያ ወሬ ለሳቸው ክብር የሚጨምር ይመስል ነበር፤ ዝም ቢሉ የሚቃወማቸውም አልነበረም። እሳቸው ግን በኀዘን ላይ ሆነው እንኳ ወሬውን አረሙ። ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ተአምራት እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ወደ ሰላትና ወደ ዱዓም አመለከቱ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ ከወለጋ ተነስቶ ጎጃምን አቋርጦ በላሊበላ ሲያልፍ እኛም የምንከተለው ይህንኑ ሱና ነበር።

ለእኛ የሚጠቅም ለየት ያለ ማሳሰቢያም አለው። ወሬው እምነታችንን የሚያጠናክር ሲመስል ማጣራት ይከብደናል። ለምሳሌ በቀለማት ያሸበረቀ የሞተ ኮከብ ፎቶ በሱረቱ አር-ረሕማን 37ኛ አንቀጽ ላይ ሰማይ እንደ ጽጌረዳ ስለመሆኗ የተነገረው ነው ተብሎ ለዓመታት ሲዞር ኖሯል። ሙፈሲሮች ግን አንቀጹ የቂያማን ቀን እንደሚናገር ያስረዳሉ። የጋማ ፍንዳታ ዜና በተሰማ ቁጥርም እንዲህ ያለ አያያዥ አይጠፋም። አስቡት፤ አንድ ሰው በ2006 ያን ሌሊት የአንድሮሜዳን «ፍንዳታ» ከቁርኣን አንቀጽ ጋር አያይዞ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ በማግሥቱ እርማቱ ሲወጣ አንባቢው የሚጠረጥረው ምኑን ነበር? የአላህ ቃል የሰው ልኬት እንዲደግፈው አይሻም። ገና ባልተጣራ ልኬት ላይ የሚያንጠለጥለው ሰው ግን የደካሞችን እምነት ለአደጋ ያጋልጣል።

ምድር ላይ ሲሆን

የሰማይ ዜና ቢሳሳት ማንም አይሞትም። የምድር ዜና ግን እንደዚያ አይደለም።

ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ያን ማለዳ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች። እንጦጦ ላይ፣ ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች በቆሙበት ማዕከል፣ የተሰበሰቡ ሰዎች በደስታ አጨበጨቡ። በዚያው ቀን በእኛው ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ ከተማ መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ወደሙ። እንደተዘገበው ከዚያ ቀደም ብሎ በከተማው ቤተክርስቲያን ላይ እሳት ተነሳ የሚል ዜና ተሰራጭቶ ነበር። አገራችን ህዋ ላይ ዓይን ባኖረችበት ቀን፣ ምድር ላይ ያለነው እሳቱን ማን ለኮሰው ብሎ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ መታገስ አቃተን።

ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ዜና ሲመጣ አጣሩ የሚለን ለዚህ ነው። ምክንያቱንም አብሮ ይነግረናል፦ ሳናውቅ ሰዎችን እንዳንጎዳና በሠራነው እንዳንጸጸት። ትእዛዙ የወረደው ለእኛ ለአማኞች ነው፤ ሌላው ስላላጣራ እኛም አናጣራም የምንልበት በር የለውም። ስለ ሌላ እምነት ተከታዮች፣ ስለ ሌላ ብሔር፣ ስለ ሌላ መስጂድ ጀመዓ የሚመጣልንን ወሬም ይጨምራል። የሰሙትን ሁሉ ማውራት ሰውን ከውሸታም ተራ እንደሚያስመድበው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል።

አራት ጥያቄዎች

ተማሪዎቼን ዛሬ ባገኛቸው ከዚያች የግንቦት ሌሊት የተገኙ አራት ጥያቄዎችን እሰጣቸው ነበር።

አንደኛ፣ ማን አየው? «ናሳ ተናግሯል» ሰነድ አይደለም። የትኛው ቴሌስኮፕ፣ የትኛው ሰው፣ የት ጻፈው?

ሁለተኛ፣ መቼ? ቀን የሌለው «ዛሬ ሌሊት» ለሁልጊዜ እንዲዞር የተሠራ ነው። ጨረር ቀድሞ ሊነገርም አይችልም። ጋማ ጨረር የሚመጣው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ ከእሱ ቀድሞ «እየመጣ ነው» የሚል መልእክተኛ የለም። ስልካችሁን አጥፉ የሚለው መልእክት ሐሰት መሆኑን ለማወቅ ይህቺ ብቻ ትበቃለች።

ሦስተኛ፣ ሌላ ማን አየ? ያውም ከመጀመሪያው ሳይቀዳ፣ በራሱ ዓይን።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው ተናጋሪ ዛሬ ምን ይላል? ምናልባት አርሞት ይሆናል። ወሬው በመቶ ግሩፕ ይዞራል፣ እርማቱ በአንድ ቦታ ይቀራል። ያስተላለፍነውን ስህተት በዚያው ግሩፕ ማረም የአማና ጉዳይ ነው። ሌስተር ያሉት ሳይንቲስቶች ያደረጉት ይህንን ነው፤ ክብራቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ህዳር ሲገባ ሰማያችን ይጠራል። ከኢሻ በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከመብራት ራቅ ብላችሁ ወደ ቂብላ ዙሩ። ለደብረ ማርቆስ ቂብላ ሰሜን ነው፤ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከአድማሱ ወደ መሃል ሰማይ ከግማሽ በላይ ከፍ ብላ፣ ፈዘዝ ያለች ትንሽ ደመና የምትመስል ብርሃን ትታያለች። አስ-ሱፊ ያዩዋት አንድሮሜዳ እሷ ናት። ዓይናችሁ የሚቀበለው ብርሃን ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዚያ የተነሳ ነው። እዚህ ለመድረስ ያን ያህል ጊዜ ፈጅቷል፤ እኛም የደረሰንን ወሬ ከማስተላለፋችን በፊት ለማጣራት አንድ ቀን መታገስ አያቅተንም።

ወላሁ አዕለም።